ኮንሶ፦ ሲሚንቶ የሌለው ካብ ከ400 ዓመት በላይ እንዴት ቆመ?

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ሁለት ትሪ ላይ እኩል አፈር አድርጉና ሁለቱንም በአንድ በኩል ድንጋይ አስደግፋችሁ አዘንብሏቸው። በአንደኛው ትሪ ላይ ጠጠሮችን አግድም በሦስት ወይም በአራት ረድፍ ደርድሩ፤ ከየረድፉ በላይ ያለውንም አፈር ደልድሉት። ሁለተኛውን ግን እንዳለ ተዉት። ከዚያ ከላይ በኩል አንድ አንድ ጣሳ ውሃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱባቸው።

ባዶው ትሪ ላይ ውሃው ቦይ እየቀደደ፣ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ጠጠር ባለበት ትሪ ላይ ደግሞ በየረድፉ ቆም እያለ ይሰርጋል፤ ከታች የሚወጣውም ያነሰና ጠራ ያለ ነው።

ይህንኑ ሙከራ በትሪ ፈንታ በተራራ ላይ፣ ያውም ከ400 ዓመት በላይ ሳያቋርጡ የሠሩ ገበሬዎች አሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እነሱ ነው።

ጋሞሌና አካባቢዋ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአርባ ምንጭ ደግሞ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ካራት የምትባል ከተማ ታገኛላችሁ። የኮንሶ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከካራት ብዙም ሳይርቅ በኮረብታ አናት ላይ ጋሞሌ የተባለች የገበሬዎች መንደር አለች። ቤቶቿ የሣር ክዳን ያላቸውና ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ በድንጋይና በእንጨት የታጠረ ስለሆነ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለመሄድ ይቸገራል።

እንዲህ ያሉ መንደሮች በአካባቢው ብዙ ናቸው፤ መጨቄና ዶካቱ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። ሕዝቡ የሚናገረው ኮንስኛ ከኦሮምኛ ጋር በአንድ የኩሽ ቋንቋዎች ቅርንጫፍ ውስጥ ይመደባል። አካባቢው በምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1897 ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከመጠቃለሉ በፊት እያንዳንዱ መንደር የራሱን ጉዳይ የሚመራው በራሱ ነበር።

መንደሮቹ በድንጋይ ቅጥር የተከበቡ ናቸው። አንዳንዱ መንደር ያለው ቅጥር አንድ ብቻ ነው፤ እስከ ስድስት የሚደርስ ያለውም አለ። ለምን ስድስት? ሕዝቡ ሲበዛና የመጀመሪያው ቅጥር ሲጠብበው ከውጭ ሌላ ይሠራል፤ የድሮው አይፈርስም። የተቆረጠ ግንድ ላይ ቀለበቶቹን ቆጥራችሁ የዛፉን ዕድሜ እንደምትገምቱት፣ የቅጥሮቹም ቁጥር መንደሩ እንዴት እንዳደገ ይናገራል።

እዚህ ቦታ ላይ ማረስ ለምን ይከብዳል?

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ያደገ ሰው ዝናብ ሲባል የሚታየው የሐምሌና የነሐሴ ክረምት ነው። ኮንሶ እንደዚያ አይደለም። ዋናው ዝናብ የሚጥለው በበልግ ነው፤ አነስ ያለው ደግሞ በመጸው ይመጣል። ሁለቱም እምነት አይጣልባቸውም። አንዳንዴ ይዘገያሉ፣ አንዳንዴ ይቀራሉ፣ ሲመጡ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ብቻ ዱብ ይላሉ።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። በአንድ ሄክታር ቁልቁለት ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400,000 ሊትር ይሆናል። 10,000 ሊትር የሚይዝ የውሃ ቦቴ ብታስቡ 40 ቦቴ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ታች መሮጥ ይፈልጋል።

የሚያስፈራው ደግሞ ፍጥነቱ ነው። በውሃ ምህንድስና የታወቀ ግምታዊ ሕግ አለ፤ የፍሰቱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ውሃው ሊገፋው የሚችለው ድንጋይ ክብደት እስከ 64 እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ጎርፍን ትንሽ እንኳ ማዘግየት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ውሃ ረጅም ቁልቁለት ካገኘ ይፈጥናል። ቁልቁለቱን በየጥቂት ሜትሩ ከቆራረጣችሁበት ግን ለመፍጠን ጊዜ አያገኝም።

ውሃ ባሻው መንገድ አፈርን ሲቀርጽ ምን እንደሚመስል ለማየት ከኮንሶ መውጣት አያስፈልግም። ጌሰርጊዮ አጠገብ ዝናብ የሸረሸረው አንድ ትልቅ ገደል አለ፤ የተረፈው አፈር እንደ ረጃጅም ፎቅ ተገትሮ ስለሚታይ ጎብኚዎች «ኒው ዮርክ» ይሉታል። ለፎቶ ያምራል። እዚያ ላይ ማሽላ መዝራት ግን አይታሰብም።

የካቡ ምስጢር

የኮንሶ መልስ እርከን ነው። ኮረብታዎቹ ከታች እስከ ላይ በደረጃ ተከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ ደረጃ አፈሩን የሚይዝለት የድንጋይ ካብ አለው። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ሲሚንቶ የለውም፣ ጭቃም የለውም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ነው።

እኔ ሲቪል ምህንድስና ስማር «ድጋፍ ግንብ» ማለት ኮንክሪትና ብረት መስሎኝ ነበር። ስሌቱን እየሠራሁ ስሄድ ግን ግንቡን ብዙ ጊዜ የሚጥለው አፈሩ ብቻውን እንዳልሆነ ገባኝ። ከአፈሩ ጀርባ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። 2 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ከኋላው ውሃ እስከ አፉ ቢሞላ፣ ውሃው ብቻውን በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ላይ 2 ቶን ያህል ይገፋል። የአፈሩ ግፊት ገና አልተደመረም። ለዚህ ነው በከተማ የኮንክሪት ድጋፍ ግንቦች ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች የምታዩት፤ ውሃው እንዲወጣ ነው።

የኮንሶ ካብ ግን ራሱ ቀዳዳ ነው። በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ውሃው ይንጠባጠባል፣ አፈሩ ይቀራል። ቀዳዳ መሥራት የረሳ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ያልተቀደደ ቦታ የለም።

ሌላም ጥቅም አለው። ኮንክሪት ሲሰነጠቅ ለመጠገን ሲሚንቶ መግዛት፣ ማጓጓዝና ባለሙያ መጥራት ይጠይቃል። ደረቅ ካብ ብዙውን ጊዜ ከመውደቁ በፊት ሆዱ ወጣ ወጣ ይላል፤ ያስጠነቅቃችኋል ማለት ነው። ቢወድቅም ድንጋዮቹ እዚያው ናቸው። አንሥቶ መልሶ መካብ ነው።

ሥራው በካቡ አያበቃም። በየእርከኑ ላይ አፈሩን ከፍ ከፍ አድርገውና የማሽላ አገዳ ተጠቅመው ውሃ የሚያቁሩ ትናንሽ መደቦች ይሠራሉ። በአንድ ማሳ ላይ ማሽላ፣ ባቄላና ሌላም ሰብል ቀላቅለው ይዘራሉ፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው ይተርፋል። በመካከል የሽፈራው ዛፍ ይቆማል፤ ቅጠሉ በድርቅ ጊዜ እንኳ ለወጥ ይሆናል። ኩርኩፋ የሚባለውን የእህል ድቡልቡል ከሽፈራው ጋር የበላ ሰው የምለውን ያውቃል። ከብቶቹ በአብዛኛው በግቢ ታስረው ይቀለባሉ፤ ሲለቀቁ እርከኑን ስለሚንዱ ነው። ፍጋቸውም እየተሸከሙት ወደ ማሳ ይወሰዳል።

ታዲያ 400 ዓመት የቆመው ምኑ ነው?

ዩኔስኮ የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 21 ትውልድ የዘለቀ፣ ከ400 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ባህል ብሎታል። ጽሑፍ ሳይኖር ይህን እንዴት ማወቅ ይቻላል? ኮንሶዎች የትውልድ ሥርዓት አላቸው። ኃላፊነት ከአንዱ የትውልድ ክፍል ወደ ቀጣዩ በሥነ ሥርዓት ይሸጋገራል፤ ለዚህም ዳጋ ሄላ የሚባል ድንጋይ ያቆማሉ፣ ኦላሂታ የሚባል ረጅም የትውልድ ምሰሶም ይተክላሉ። እነዚህ እንደ ሰዓት ናቸው። አንዱን ትውልድ ወደ 20 ዓመት ብንገምተው 21 ሲባዛ በ20፣ 420 ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ዛሬ የምናየው ካብ 400 ዓመት የኖረው ያው ካብ ነው? ለተራ ሕንፃ በምህንድስና የምንወስደው የዲዛይን ዕድሜ 50 ዓመት ነው። ማንም ሳይነካው በየዓመቱ ጎርፍ የሚገፋው ካብ ሳይነቃነቅ ለዘመናት ይቆማል ማለት ዘበት ነው። ካቡ ሲወድቅና ሲነሣ ኖሯል። አንዱ ድንጋይ ምናልባት አሥር ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሄዷል። ሳይቋረጥ የቆመው ጥገናው ነው።

ጥገናው ደግሞ የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም። የላይኛው ጎረቤት ካብ ቢናድ ጎርፉና ድንጋዩ የሚወርደው በታችኛው ላይ ነው። የታችኛው ከተናደም የላይኛው መሠረቱ ይላላል። ፊዚክሱ ራሱ ጎረቤታሞችን ያስተሳስራቸዋል። ስለዚህ እርከንም ሆነ ሃርዳ የሚባሉት የጋራ የውሃ ኩሬዎች የሚሠሩትና የሚጠገኑት በኅብረት ነው፤ በሌላው አገር ደቦ እንደምንለው ዓይነት።

ይህን የሚያስተባብረው ቦታ ደግሞ በመንደሩ ውስጥ አለ። ሞራ ይባላል። አደባባይ ነው፤ ሽማግሌዎች ይመክሩበታል፣ ክርክር ይዳኙበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል። በአንድ መንደር ውስጥ እስከ 17 ሞራ ሊኖር ይችላል። በሞራው ባለው የጋራ ቤት ያላገቡ ወጣት ወንዶች ያድራሉ፤ ሌሊት እሳት ቢነሣ ወይም ጠላት ቢመጣ ለመድረስ። በዘመኑ ቋንቋ የአደጋ ጊዜ ቡድን በሉት። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ኖሮ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ክሪስቶፈር ሃልፓይክ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ማኅበራዊ አደረጃጀት በስፋት ጽፏል።

ተመሳሳይ ድንጋይ፣ ሌላ ውጤት

አደረጃጀቱ ይህን ያህል ወሳኝ መሆኑን ለማየት ወደ ሰሜን እንሂድ። ከ1965–66 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ በሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በምግብ ለሥራ እጅግ ብዙ እርከን ተሠራ። ድንጋዩም ጉልበቱም ነበር። ሆኖም ዕቅዱ ከላይ የወረደ ነበር፤ ገበሬው የሚሠራው ለስንዴው ሲል ነበር፤ መሬቱ የእሱ ሆኖ ስለመቆየቱም እርግጠኛ አልነበረም። ደርግ ሲወድቅ ብዙ ቦታ ላይ እርከኖቹ ፈረሱ፣ ተረሱ፣ አንዳንዶቹንም የሠሯቸው ሰዎች ራሳቸው አፈረሷቸው። ሁሉም ከሸፈ ማለቴ አይደለም፤ በኋላ ኅብረተሰቡ ራሱ የያዛቸው ተራሮች አገግመዋል። የሆነው ነገር ግን ለእኛ ለመሐንዲሶች ጥሩ ትምህርት ነው። በስዕል ወረቀታችን ላይ «የሚጠግነው ማን ነው?» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ አይኖርም።

አሁን ያለው ስጋት

የኮንሶ ጉዳይ የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ እጨርስ ነበር። በቅርብ ዓመታት ግን ተደጋጋሚ ድርቅና ግጭት በርካታ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። ወጣቶችም ለትምህርትና ለሥራ ወደ ከተማ ይሄዳሉ። ይህ መብታቸው ነው፤ አንድ ወጣት ቅርስ ለመጠበቅ ሲል ብቻ ድንጋይ ተሸክሞ ይኑር ማለት አይቻልም።

ዋካ የሚባሉትን፣ ለሞቱ ጀግኖችና ታላላቅ ሰዎች በመቃብር ላይ የሚቆሙትን የእንጨት ሐውልቶች ሌቦች ብዙ ሰርቀዋቸዋል፤ የተረፉትንና የተመለሱትን ለመጠበቅ ካራት ላይ ሙዚየም አለ። ሐውልት ሙዚየም ውስጥ ሊገባ ይችላል። እርከን ግን አይችልም። እርከንን ማስቀመጥ የሚቻለው እዚያው፣ የሚያርሰውና የሚጠግነው ሰው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ገበሬው ከማሳው በቂ ካላገኘ፣ ወይም በሰላም ካልኖረ፣ በመዝገብ ላይ የሰፈረው የቅርስ ስም አንድም ድንጋይ አያነሣም።

አሁን ወደ ትሪያችሁ ተመለሱ። አትድፉት። በየቀኑ አንድ ጣሳ ውሃ አፍስሱበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን አንዱ ጠጠር ሲንሸራተት ታያላችሁ። ለሁለት ቀን ዝም ብላችሁ እዩት፤ ክፍተቱ ከሥር ያሉትን ረድፎች እንዴት እንደሚያበላሽ መዝግቡ። ከዚያ ጠጠሩን አንሡና ቦታው መልሱት። ጋሞሌ ውስጥ ልጅ ሆናችሁ ብትወለዱ ኖሮ ይህን ከአባቶቻችሁ ትማሩት ነበር።