የአምቡላንስ ባለሙያዎች የምርምር ውጤትን እንዴት መዝነው በሥራ ላይ ያውላሉ?

«ደረቱን ይዞ እያቃሰተ ኦክስጅን እንኳ አላደረጉለትም!» የሚል ቅሬታ በድንገተኛ ክፍል ከቤተሰብ ደጋግመን እንሰማለን። ሰው የሚወደው ሲታመም ሁሉም ነገር እንዲደረግለት መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ የአምቡላንስ ባለሙያው (ፓራሜዲኩ) አንድን ሕክምና የሚተወው ረስቶ ወይም ቸል ብሎ ሳይሆን እንደማይጠቅም በጥናት ስለታወቀ ነው። ይህ ጽሑፍ ውሳኔው ከየት እንደሚመጣ ያብራራል።

ጥናት ለምን ያስፈልጋል?

አንድ ታካሚ መድኃኒት ወስዶ ቢሻለው ያዳነው መድኃኒቱ ነው ለማለት አይበቃም፤ ሳይወስድም ይሻለው ይሆናል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። አንደኛው ቡድን ሕክምናውን ያገኛል፣ ሌላው አያገኝም። ከዚያ ውጤታቸው ይነጻጸራል።

ባለሙያው ጥናት ሲያነብ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

• የተጠኑት ሰዎች የእኔን ታካሚ ይመስላሉ?
• ንጽጽሩ ትክክለኛ ነበር? የተሳታፊዎቹስ ቁጥር በቂ ነው?
• የተለካው ነገር ለታካሚው ሕይወት ትርጉም አለው?
• ጥቅሙ ምን ያህል ነው? ጉዳቱስ?
• እኛ ባለን መሣሪያና መንገድ ሊሠራ ይችላል?

ምሳሌ አንድ፦ ኦክስጅንና ሃርት አታክ

ሃርት አታክ (የልብ ደም ሥር ድንገት መዘጋት) የተጠረጠረበት ሰው ሁሉ ለረጅም ዘመን ኦክስጅን ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የወጣ የስዊድን ጥናት 6,629 እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን አነጻጸረ። ሁሉም በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን 90 በመቶና ከዚያ በላይ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ኦክስጅን ካገኙት 5.0 በመቶ፣ ካላገኙት 5.1 በመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ባለሙያው በመጀመሪያ በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ይለካል፤ መጠኑ ዝቅ ካለ ወይም ታካሚው መተንፈስ ከተቸገረ ይሰጣል።

ይሁንና ያ መለኪያ ራሱ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው ጥቁር ታካሚዎች ላይ የኦክስጅን እጥረትን ከነጮች ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ደጋግሞ እንደሚስት አሳይቷል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ቁጥሩን ብቻ አያይም፤ የታካሚውን አተነፋፈስና ንቃትም ያያል።

ምሳሌ ሁለት፦ አድሬናሊን

ልብ መምታት ሲያቆም አድሬናሊን መስጠት የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣ የብሪታንያ ጥናት 8,014 ሰዎችን አካቷል። ግማሾቹ አድሬናሊን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለው ጨዋማ ውሃ ተሰጣቸው። ከ30 ቀን በኋላ በሕይወት የነበሩት 3.2 በመቶና 2.4 በመቶ ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱ ጥቂት ተጨማሪ ሰዎችን አትርፏል። ነገር ግን ከተረፉት መካከል ከባድ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው አድሬናሊን ካገኙት 31 በመቶ፣ ካላገኙት ወደ 18 በመቶ ነበሩ። «ዳነ» የሚለው ቃል ብቻውን በቂ አይደለም የሚባለው ለዚህ ነው።

አድሬናሊን አሁንም በመመሪያዎች ውስጥ አለ። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ሌላ ነው፦ ቶሎ እርዳታ መጥራት፣ ወዲያው ደረትን መጫን መጀመርና ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳውን መሣሪያ በፍጥነት መጠቀም ከመድኃኒቱ የበለጠ ሕይወት ያተርፋሉ።

ምሳሌ ሦስት፦ ደም ለሚፈሰው ጉዳተኛ

ትራኔክሳሚክ አሲድ የረጋ ደም እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የወጣ ጥናት በ40 አገሮች ከ20,000 በላይ ጉዳተኞችን አካቶ ሞትን ከ16.0 ወደ 14.5 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ኋላ መረጃው ሲመረመር ጥቅሙ የታየው አደጋው ከደረሰ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሊጎዳ ይችላል። ጥናቱ የተካሄደው በሆስፒታሎች ውስጥ ቢሆንም ጊዜ ወሳኝ በመሆኑ በብዙ አገሮች መድኃኒቱ ወደ አምቡላንስ ወጥቷል።

ውሳኔው የማን ነው?

ፓራሜዲክ አንድ ጥናት አንብቦ በማግስቱ ሕክምና አይቀይርም። ባለሙያዎች ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ይመዝናሉ፣ መመሪያ ያወጣሉ፤ የአምቡላንስ አገልግሎቱ ኃላፊ ሐኪምም ለአገሩ ሁኔታ ያስማማዋል። ይህ በኢትዮጵያ ልዩ ትርጉም አለው። አብዛኛው ጥናት የሚካሄደው ሆስፒታል ቅርብ በሆነባቸው አገሮች ነው። በእኛ አገር ብዙ የወረዳ አምቡላንሶች በዋናነት እናቶችን ለወሊድ ያመላልሳሉ፤ ብዙ ጉዳተኞችም በታክሲ ወይም በሰው ሸክም ይደርሳሉ። የ3 ሰዓቱ ገደብ በአዲስ አበባና በሩቅ ገጠር እኩል አይደለም።

ታካሚና ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ሕመሙ ወይም አደጋው የጀመረበትን ሰዓት ይንገሩ። መድኃኒት የሚሰጠው ወይም የሚተወው በዚህ ሊሆን ይችላል።
• የቆየ የሳንባ በሽታ ካለ ይናገሩ፤ ለአንዳንዶቹ ብዙ ኦክስጅን ጎጂ ነው።
• የሚወሰዱትን መድኃኒቶች፣ በተለይ ደም የሚያቀጥኑትን፣ ያሳዩ።
• ያልገባዎትን ይጠይቁ፦ «ይህን ያልሰጣችሁት ለምንድን ነው?» ቢሉ ነውር የለውም፤ ባለሙያው ምክንያቱን ሊነግርዎት ይገባል።
• በውጭ አገር የሚኖሩ ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ማሳሰቢያ፦ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ወይም ብዙ ደም መፍሰስ ካለ ይህን ጽሑፍ አንብበው ራስዎ አይወስኑ። ወዲያውኑ አምቡላንስ ይጥሩ፤ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ሰውየው ካልተነፈሰ እርዳታ እስኪደርስ የደረቱን መሃል በሁለት እጅ በኃይልና በፍጥነት ይጫኑ።