ስም የለሹ ጭራቅ

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይላል ያገራችን ሰው። አንዳንዱን ስም ግን የሚያወጣው ገበያ ነው። “ፍራንከንስታይን” ሲባል በብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው አናቱ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ብረት የተሰካበት፣ እየተንገዳገደ የሚራመድ ፍጡር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ፍራንከንስታይን ጭራቁ ሳይሆን ጭራቁን የሠራው ወጣት ተማሪ ነው። ጭራቁማ ስም የለውም። ታዲያ ይህ ስም የለሽ ፍጡር በየት በኩል አልፎ ከሰው ሁሉ አፍ ገባ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሪ ሼሊ ልብ ወለዱን መጻፍ የጀመረችው በ1816፣ በ18 ዓመቷ ነው። በ1818 ለንደን ላይ ሲታተም 500 ቅጂ ብቻ ነበር፤ የደራሲዋም ስም አልወጣበትም። በ500 ቅጂ የሕዝብ ጭራቅ መሆን ደግሞ አይቻልም። የመጽሐፉ ፍጡር ራሱም ለጭራቅነት እምብዛም አይመችም። ከድሆች ጎጆ ጥግ ተሸሽጎ ቋንቋ ይማራል፤ ፕሉታርክን፣ ሚልተንንና ጎተን ያነባል፤ “ፈጥረህ ለምን ጣልኸኝ?” እያለ ፈጣሪውን ይሞግታል። መግደሉን ይገድላል፤ ግን የሚገድለው ከየደጁ ከተባረረ በኋላ ነው።

ለሕዝብ ያደረሰው ቴአትር ነው። በ1823 የሪቻርድ ብሪንስሊ ፒክ ተውኔት ለንደን ውስጥ በእንግሊሽ ኦፔራ ሃውስ ታየ። በተዋንያኑ ዝርዝር ላይ በፍጡሩ ስም ቦታ ባዶ መስመር ብቻ ተሰመረ። ሜሪ ሼሊም ሄዳ አይታ ይህንን ወዳዋለች። ተውኔቱ ግን ከስም የበለጠ ነገር ወሰደበት። አንደበቱን! መድረክ ላይ የወጣው ፍጡር ድዳ ነበር።

ነገሩን ከጨዋታ የሚያወጣው የሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1824 የእንግሊዝ ፓርላማ በካሪቢያን ስላሉት ባሮች ሲከራከር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ካኒንግ ይህንኑ ፍጡር ጠቀሰ። ባሮቹን ባንድ ጊዜ ነጻ መልቀቅ ጉልበቱ የአዋቂ፣ አእምሮው የሕፃን የሆነ ፍጡር እንደ መሥራት ነው ሲል ተናገረ። እንዴ! የመጽሐፉ ፍጡር እኮ አንባቢና ተከራካሪ ነው፤ የፈጣሪውም ጥፋት ነጻ መልቀቁ ሳይሆን ጥሎት መሄዱ ነው። ግን ጭራቁ አንዴ ከመጽሐፉ ከወጣ ወዲያ ማን ይጠይቃል? በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነትን የሚሽረው ሕግ የወጣው ገና በ1833 ነው።

ዛሬ የምናውቀውን መልክ የሰጠው ሲኒማ ነው። በ1931 ጄምስ ዌል ለዩኒቨርሳል ኩባንያ ባዘጋጀው ፊልም ላይ ጃክ ፒርስ የተባለው የሜካፕ ባለሙያ ያንን ፊት በቦሪስ ካርሎፍ ላይ ሠራው። በፊልሙ መክፈቻ በተዋናዩ ስም ቦታ የጥያቄ ምልክት ገባ። ለጭራቁም የወንጀለኛ አንጎል ተሰጠው። እንግዲህ ክፋቱ ከደረሰበት በደል ሳይሆን ከተፈጥሮው የመጣ ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁለት ነው። በ1964 ያው ፊት በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቤተሰብ አባት ሆኖ ሰው አሳቀ። በ1971 የሕፃናት ቁርስ ፓኮ ላይ ወጣ፤ ጣዕሙም እንጆሪ!

እንግዲህ ስሙን፣ አንደበቱንና ምክንያቱን በየተራ ተነጥቆ የቀረው ፊቱ ብቻ ነው። ፊት ብቻውን ሲቀር ደግሞ ለፈለጉት ሰው ይለጠፋል፤ ለቁርስ ፓኮም፣ ነጻነቱን ለሚጠይቅ ባሪያም። ስለዚህ አንድ ወገን “ጭራቅ” ተብሎ ሲቀርብልን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ስለ አስፈሪነቱ አይመስለኝም። ይናገር ነበር ወይ? ይናገር ከነበረስ ዝም ያሰኘው ማነው?