ሠዓሊን ያስተማረ ሥዕል

«ቀዳ» የሚለው ቃል ለአብዛኞቻችን የፈተና ክፍል ትዝታ ስላለው ጥሩ ስም የለውም። በዘይት ቀለም የሰው መልክ የመሣል ታሪክ ውስጥ ግን መቅዳት ዋናው ትምህርት ነበር። አንድ ሥዕል ብቻ ይዘን እንመልከት (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ራፋኤል በ1514 እና በ1515 መካከል ወዳጁን ባልዳሳሬ ካስቲልዮኔን ሣለ። ሰውዬው የቤተ መንግሥት ሰው፣ መልእክተኛና ደራሲ ነው። ልብሱ ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቀት ያለው ፊቱ ላይ ነው። ቆሞ ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ብሩሽ ይዞ ሊቀዳው የተቀመጠ ግን ቶሎ ይቸገራል፤ ያ ግራጫ ከጥቁሩ አጠገብ ሌላ፣ ከቆዳው አጠገብ ደግሞ ሌላ ሆኖ ይታየዋል። ጢሙ የት አልቆ ጥላው የት እንደሚጀምርም አይለይም። የዘይት ቀለም ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ጠርዝን ማለስለስ፣ ስስ ቀለምንም በሌላው ላይ መደረብ ይቻላል። የትኛው ከታች፣ የትኛው ከላይ እንደተቀባ ቀጂው በእጁ ደርሶበት ካልሆነ በቃል ብዙ አይገባውም። የመቅዳት ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ መልኩን ከመምሰል ይልቅ ቅደም ተከተሉን መማር።

ሩበንስ ይህን ሥዕል ቀድቷል፤ ቅጂው ዛሬ ለንደን፣ ኮርቶልድ ውስጥ አለ። ሬምብራንት ደግሞ ያገኘው በ1639 አምስተርዳም ውስጥ ጨረታ ላይ ነው። ፈጠን ብሎ በወረቀት ነደፈው፤ ዋጋውንም፣ 3,500 ጊልደር፣ እዚያው ላይ ጻፈ። ሥዕሉን ሌላ ሰው ገዝቶ ወሰደው። በ1640፣ በ34 ዓመቱ፣ ሬምብራንት የራሱን መልክ በዘይት ቀለም ሲሥል ክንዱን ደገፍ አድርጎ፣ ወደ እኛ ዞሮ ተቀመጠ፤ ካስቲልዮኔን ያየ ሰው አቀማመጡን አይስተውም። በእኔ ግምት ከዚህ የበለጠ የቅጂ ትምህርት የለም፤ ንድፉ ትንሽ፣ ያተረፈው ብዙ።

ሥዕሉ ከዚያ በካርዲናል ማዛሬን እጅ አልፎ በ1661 የሉዊ 14ኛ ሆነ። ሉቭር በ1793 ለሕዝብ ሲከፈት ወጣት ሠዓልያን እዚያ ገብተው መቅዳት ቻሉ፤ ማቲስም ካስቲልዮኔን የቀዳው እዚያ ነው። ደንቡ ዛሬም አለ፤ ቅጂው በመጠን ከዋናው መለየት አለበት፣ ፊርማም አይቀዳም። ለሴቶች ግን ነገሩ ከልምምድ በላይ ነበር። የፓሪሱ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1897 ድረስ ሴት አይቀበልም ነበር። ሜሪ ካሳት ከአሜሪካ መጥታ የቅጂ ፈቃድ አውጥታ ሉቭር ገባች። በሩ የተዘጋበት ሰው ትምህርት ቤቱን ሥዕሉ ፊት አገኘው ማለት ነው።

ሥዕሉ ከሌለስ? በአገራችን ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ምስል፣ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ነው። ነገሥታቱ በዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር፤ የጎንደር ዘመን ሠዓልያንም ደጋግመው ቀድተውታል፤ በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው አሣሣል። በ1868 መቅደላ ላይ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል የነበረው ሆልምስ ወሰደው። ዐፄ ዮሐንስ በ1872 እንዲመለስላቸው ቢጠይቁም አልተመለሰም፤ ሆልምስ ለራሱ ይዞት ነበር፣ በኋላም በሽያጭ ከግለሰብ ወደ ግለሰብ አለፈ። የጎንደር ቅጂዎች ስላሉ ያንን ፊት፣ ያዘነበለውን ራስ፣ እናውቀዋለን። ከሥሩ የትኛው ቀለም ቀድሞ እንደተቀባ ለማየት ግን የኛ ተማሪ ብሩሹን ይዞ የሚቀመጥበት ቦታ የለም።