ስለ «ቦርድ» ስያሜ፤ ከጎጃም በረንዳ እስከ ሮቦት

ጎጃም በረንዳ የሚለው የሰፈር ስም ራሱ ለቃላት አጥኚ ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው ቃል የአገር ስም ነው፤ ሁለተኛው ከጣልያንኛው «ቬራንዳ» ጋር የሚዛመድ፣ «ቬ»ን በ«በ» ለውጦ ከአማርኛ አነጋገር ጋር የተዋሐደ የውሰት ቃል ነው። ሰፈሩ የሚገኝበት መርካቶም የኢጣልያ ወራሪ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ዘመን የአራዳውን ገበያ ወደ ምዕራብ ሲያዛውር ስሙን ከጣልያንኛ አግኝቷል።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ የባዕዱን ቃል ተቀብሎ ብቻ አልቀረም። «ተራ» የሚለውን የራሱን ቃል እየጨመረ ምናለሽ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሶማሌ ተራ እያለ ገበያውን ለይቶ ሰየመ። ከዚህም የተነሣ የመኪና መለዋወጫ ፈልጎ የመጣ ሰው ሸማ ተራ ሲዞር አይውልም። ስም ሲለይ ድካምም ገንዘብም ይተርፋል።

ዛሬ በትርፍ ጊዜው ሮቦት ለመሥራት የተነሣሣ ወጣት ሞተሩን፣ ሽቦውን፣ ፒንሳውንና ካቻቪቴውን በየስማቸው ጠርቶ ይገዛል። የሮቦቱ አእምሮ ወደሚሆነው ዕቃ ሲደርስ ግን የሚጠራበት ቃል «ቦርድ» ብቻ ይሆናል። በዚህ አንድ ቃል ሥር ግን ታሪካቸውም ተግባራቸውም የተለያየ ሁለት ነገሮች ተጠቃለዋል።

የመጀመሪያው በአንድ ሰሌዳ ላይ የተሟላ ኮምፒዩተር ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ የወጣው ኪም-1 ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2012 በ35 ዶላር የቀረበው ራስበሪ ፓይ ዓይነቱን በዓለም ዙሪያ አስፋፋው። ሁለተኛው አንዲት ፕሮግራም ብቻ ደጋግሞ የሚፈጽም ማይክሮኮንትሮለር የተሸከመ ሰሌዳ ነው። የዚህ ታዋቂ ምሳሌ የሆነው አርዱዊኖ እ.ኤ.አ. በ2005 በኢጣልያ፣ በኢቭሬያ ከተማ ተወለደ።

ልዩነቱ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው አርዱዊኖ ኡኖ የነበረው የሥራ ማኅደረ ትውስታ 2 ኪሎባይት ነበር፤ የመጀመሪያው ራስበሪ ፓይ ግን 256 ሜጋባይት ነበረው። ስለዚህ በካሜራ አይቶ ፊት የሚለይ ሮቦት ያሰበ ሰው እንዲህ ያለውን ኡኖ ቢገዛ ገንዘቡ ባከነ። በአንጻሩም መሬት ላይ የተሠመረ መሥመር ተከትሎ ለሚሄድ ትንሽ ሮቦት ኮምፒዩተር መግዛት ባትሪን በከንቱ መጨረስ ነው፤ ኃይል በድንገት ሲቋረጥም የማኅደሩ ካርድ ሊበላሽ ይችላል። ይህ ኡኖ የሚሠራው በ5 ቮልት ምልክት ሲሆን የራስበሪ ፓይ እግሮች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፤ ይህን ሳይለይ ያገናኘ ሰው ሰሌዳውን ሊያቃጥል ይችላል። ሞተርን በቀጥታ ማንቀሳቀስ ግን የሁለቱም አቅም አይደለም፤ በመካከል የሞተር ማንቀሳቀሻ ሰርኪዩት ያስፈልጋል።

የንግድ ስምም ቢሆን ከስሕተት አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2021 በ4 ዶላር የወጣው ራስበሪ ፓይ ፒኮ የታላቁን ስም ይዟል፤ ነገር ግን በባሕርዩ ማይክሮኮንትሮለር ነው። ስሙን ብቻ ሰምቶ የገዛ ሰው የፈለገውን ኮምፒዩተር አላገኘም። የውጭ አገር ዕቃ በብዙ ድካም በሚገኝበት አገር ደግሞ ይህ ለአንድ ተማሪ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ስያሜዎችን ለውይይት እናቀርባለን። ለመጀመሪያው «ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር» እንላለን፤ «ኮምፒዩተር» በሕዝብ አፍ የተለመደ ቃል ስለሆነ መለወጡ አያስፈልግም። ለሁለተኛው «መቆጣጠሪያ ሰሌዳ» ቢባል በፋብሪካና በመኪና ላይ ካለው ባለብዙ ቁልፍ ገበታ ጋር ይምታታል። «ገዥ ሰሌዳ» ቢባልም በገበያ መካከል «ገዥ» ሸማቹ ነው። ስለዚህ ሞተሩንና መብራቱን «ሂድ፣ ቁም፣ ብራ» የሚል በመሆኑ «አዛዥ ሰሌዳ» የሚለውን መርጠናል።

ቃል የሚጸናው ግን በመዝገብ ስለ ሰፈረ ብቻ አይደለም። «በረንዳ»ንም ሆነ «ተራ»ን በመርካቶ ያጸናቸው ሻጭና ገዥ በየቀኑ ስለሚግባቡባቸው ነው። የእነዚህም የሁለቱ ስያሜዎች ፈተና፣ አንድ ተማሪ ወደ ሱቅ ገብቶ «ባለአንድ ሰሌዳ ኮምፒዩተር ሳይሆን አዛዥ ሰሌዳ ነው የምፈልገው» ሲል ባለሱቁ የትኛውን መደርደሪያ እንደሚከፍት ማወቁ ነው።