ወተቱ የማን ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ተረቱ ግን አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል። አንበሳው ከታሰረ በኋላ ገመዱ በማን እጅ ይቀራል? የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር ይደግ ወይም ይፍረስ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ይመስለናል። ለዚህ ማስረጃ እንዲሆነን በሕንድ አገር፣ በጉጃራት የሚገኘውን፣ «አሙል» በሚለው የንግድ ስሙ የታወቀውን የወተት አምራቾች ማኅበር እንመልከት። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካይራ አውራጃ ገበሬ ጥቂት መሬትና አንድ ወይም ሁለት የምትታለብ የቤት ጎሽ ያለው ሰው ነበር። እህል በጎተራ ዋጋ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ወተት ግን በዚያ ሙቀት ውሎ አያድርም። ስለሆነም ገበሬው ነጋዴው የቆረጠለትን ከመቀበል በቀር ምን ምርጫ ነበረው? በ1945 ደግሞ መንግሥት ከአውራጃው ወተት ሰብስቦ ወደ ቦምቤይ የመላኩን ሥራ ፖልሰን ለተባለ የግል ኩባንያ በብቸኝነት ሰጠ። ኩባንያው አተረፈ፤ ደላላውም አተረፈ፤ አላቢው ባለበት ቀረ።

ገበሬዎቹ አቤት ለማለት ከነጻነት ትግሉ መሪዎች አንዱ ወደሆነው ወደ ሳርዳር ፓቴል ሄዱ። እሱም ዋጋ ይጨመርልን ከማለት ይልቅ ማኅበር አቋቁመው ወተታቸውን ራሳቸው እንዲሸጡ መከራቸው። በ1946 መጀመሪያ በሳማርካ መንደር ተሰብስበው ለኩባንያው ላለመሸጥ ቃል ተጋቡ። ለአሥራ አምስት ቀን ወተታቸው ወደ ቦምቤይ ሳይሄድ ቀረ። ያልተሸጠ ወተት የቀረ ገቢ ነውና አድማው የጎዳው ከተሜውን ብቻ አልነበረም። በመጨረሻ መንግሥት ተረታ፤ ማኅበሩም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመዘገበ። በ1948 ሥራ ሲጀምር የነበረው ሁለት የመንደር ማኅበርና በቀን 250 ሊትር ያህል ወተት ብቻ ነበር።

ታዲያ እንዴት አደገ? ቤቱ ሦስት ፎቅ አለው ማለት ይቻላል። ከታች የመንደሩ ማኅበር አለ። ገበሬው ጧትና ማታ ወተቱን ያመጣል፤ ይለካል፤ ቅባቱ ይመረመራል፤ በዚያው መጠን ይከፈለዋል። አንድ ጎሽ ያላትም አሥር ያለውም ድምፃቸው አንድ ነው። በጎሣ ደረጃ አብረው ማዕድ የማይቆርሱ ሰዎች በአንድ ሰልፍ ይቆማሉ፤ ወተታቸውም በአንድ ገንቦ ይቀላቀላል። ሁለተኛው ፎቅ የአውራጃው ዩኒየን ነው። ፋብሪካው፣ የእንስሳት ሐኪሙና የመኖ ዝግጅቱ የሱ ነው፤ ቦርዱን የሚመርጡትም የመንደር ማኅበራቱ ተወካዮች ናቸው። ሦስተኛው በ1973 የተመሠረተው የጉጃራት ፌዴሬሽን ሲሆን ሥራው ገበያ ነው። መንደሩ ራሱ አልተለጠጠም፤ ጎረቤት መንደር ተጨመረ እንጂ። ማኅበሩ ሲገዝፍ አላቢው ከሚዛኑ ያልራቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛን ተማሪዎችን በይበልጥ የሚመለከተን ግን የቨርጊስ ኩሪየን ነገር ነው። ኩሪየን ውጭ አገር የተማረ መሐንዲስ ነበር። በ1949 የመንግሥት ስኮላርሺፕ ግዴታውን ሊወጣ ወደ አናንድ ከተማ ሲላክ ቶሎ ለመሄድ ይቸኩል ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ለምኖ አስቀረው። በብርዱ ወራት ወተት ሲተርፍ ገዢ ይጠፋል፤ የውጭ ባለሙያዎች ደግሞ የጎሽ ወተት ዱቄት አይሆንም ይሉ ነበር። የኩሪየን ጓደኛ ዳላያ ግን አደረገው፤ በ1955ም ፋብሪካው ተከፈተ። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ምሁራን የገበሬው አለቆች ሳይሆኑ ተቀጣሪዎቹ ነበሩ። በ1976 «ማንታን» የተባለው ፊልም ስለዚሁ እንቅስቃሴ ሲሠራ እንኳ 500,000 ገበሬዎች ሁለት ሁለት ሩፒ አዋጥተው ወጪውን ችለዋል።

የአናንድ ሥርዓት ከ1970 እስከ 1996 በአገር አቀፍ ፕሮግራም ተስፋፋ። ሕንድ በ1998 በወተት ምርት ከዓለም አንደኛ ሆነች። ይህ ማለት ግን ጉድለት የለበትም ማለት አይደለም። ከብት የሌለው ድኃ ከደጅ ነው። የምታልበዋ ሴት ሆና ሳለ በመዝገብ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የባል ስም ነበር። ለወንበሩም ፖለቲከኞች ይሻሙበታል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች በ1974 መጨረሻ በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ወርደው ገበሬውን አደራጅተዋል፤ መሬት ላራሹ በሚል ቅንነት የሄዱ ብዙዎች ነበሩ። ከ1979 ጀምሮ ግን የአምራቾች ማኅበር በመመሪያ መጣ፤ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚል ደረጃ ወጣለት። የእህሉን ዋጋ መንግሥት ይተምናል፤ የሚሰበሰበውንም ኮታ እሱ ይቆርጣል። በ1990 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና መውጣት ሲፈቀድ ገበሬው በሬውን ፈትቶ ወደ ማሳው ሄደ፤ አብዛኞቹ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ።

ገበሬያችን መተባበር አያውቅም የሚል ካለ ደቦውን፣ እድሩንና እቁቡን ይጠይቅ። ያ ማኅበር የፈረሰው ሚዛኑም፣ ቁልፉም፣ ዋጋውም በሌላ ሰው እጅ ስለነበር ነው። ነገ ዲግሪ ይዘን ገጠር ስንወርድ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ምን እናስተምራቸው የሚል ባይሆን ይሻላል። ማን ነው የቀጠረን? ካልሠራንስ ማን ነው የሚያሰናብተን?