አከራይ፣ ተከራይ፣ ሸሪክ፣ ሻጭ፦ የኢትዮጵያ የህዋ ታሪክ በነጋዴ ዓይን

ዓመቶቹን እዚህ ካምፓላ በምንሠራበት በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ያሉ እናቶቻችን ተራ በተራ ይደውሉልን ነበር። «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ዲሹ ወደ ምሥራቅ መዞር አለበት አሉኝ።» እኛም ከሙየንጋ ለዲሽ ሠራተኛው የሚከፈለውን ላክን። ያን ጊዜ የቤት ወጪ ብቻ መስሎን ነበር። ለካ ከጀርባው ትልቅ የንግድ ውል ነበረ። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በግብፁ ናይልሳት ላይ ቦታ ተከራይተው ይሠሩ ነበር። ከ2020 ወዲህ ኢትዮሳት በሚል ስም ወደ ሌላ ሳተላይት ተዛወሩ። ስሙን የሰማ የራሳችን ሳተላይት ይመስለዋል። ሳተላይቱ ግን የሉክሰምበርጉ ኩባንያ የኤስኢኤስ ንብረት የሆነው ኤንኤስኤስ 12 ነው። አዲሱ ነገር ጣቢያዎቹ በማኅበራቸው በኩል አብረው መደራደራቸው ነው። እኛም ሙሉ መኪና ብቻችንን መከራየት ሲያቅተን ተሰባስበን እንደምንከራየው ማለት ነው።

ይህ ነገር አንድ ጥያቄ አስነሳብን። በህዋው ንግድ አገራችን ምንድን ናት? አከራይ፣ ተከራይ፣ ሸሪክ ወይስ ሻጭ? ታሪኩን በእነዚህ አራት ስሞች እንየው።

አከራይ

መጀመሪያ የነበረን ቦታ ነው። አስመራ የኢትዮጵያ ከተማ በነበረችበት ዘመን አሜሪካ በ1953 ለ25 ዓመት በተፈረመ ውል የቃኘው ጣቢያን ያዘች። ኢትዮጵያም በምላሹ የጦር መሣሪያና ሥልጠና አገኘች። በ1960ዎቹ እዚያ ከተተከሉት አንቴናዎች አንዱ ስፋቱ 46 ሜትር ያህል ነበር፤ ወደ ህዋ የሚያዳምጥ ነው። የሚሰማውን የሚያውቁት ግን አሜሪካኖቹ ብቻ ነበሩ። በ1977 ጣቢያው ሲዘጋ እውቀቱም አብሮ ሄደ።

ጎረቤታችን ኬንያም ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠማትም። ከማሊንዲ አጠገብ፣ ባሕር ላይ ከቆመው የሳን ማርኮ መድረክ ጣሊያኖች ከ1967 ጀምሮ ሳተላይት ያመጥቁ ነበር። ቦታው የተመረጠው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ነው፤ እዚያ የምድር መሽከርከር ሮኬቱን ያግዘዋል። ታኅሣሥ 12፣ 1970፣ በኬንያ የነፃነት ቀን፣ ከዚያው መድረክ አንድ የአሜሪካ ሳተላይት ተነሣ። በስዋሂሊ ኡሁሩ፣ ማለትም ነፃነት፣ ተባለ። በኤክስሬይ ሰማይን እንዲያጠና ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሳተላይት ነው። ስሙ የአፍሪካ ነበር፤ ባለቤቱ ሌላ።

ተከራይ

ቀጥሎ ደንበኛ ሆንን። በደርግ ዘመን ሱሉልታ ላይ የተተከለው የሳተላይት ጣቢያ የውጭ አገር ስልክ በህዋ በኩል አመጣልን። ኡጋንዳም ሙኮኖ አጠገብ ምፖማ ላይ የራሷን ጣቢያ ተከለች። ሁለቱም አገሮች አንቴናው ነበራቸው፤ ሳተላይቱ ግን የሌላ ነበር። ኢትዮሳትም የሚመደበው እዚሁ ነው፤ ልዩነቱ በኅብረት መከራየቱ ነው።

ሸሪክ

በ2004 ጥቂት ሰዎች የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን ሲመሠርቱ «አብደዋል» ተባሉ። ሕዝቡ እንጀራ ሲቸገር ስለ ከዋክብት ማውራት ለብዙዎች ቅንጦት ነበር። እነሱ ግን ሥራቸውን አልተዉም። እንጦጦ ላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስታወት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ወጪው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ዋናው ደጋፊ ሼህ መሐመድ አል አሙዲ ነበሩ። ማዕከሉ በ2015 ተመረቀ። መንግሥት የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ያቋቋመው ከዚያ በኋላ፣ በ2016 ነው። ልብ በሉ፦ ማኅበሩና ባለሀብቱ ቀደሙ፣ መንግሥት ተከተለ።

ታኅሣሥ 20፣ 2019 (በኛ ታኅሣሥ 10፣ 2012) የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ 1፣ ከቻይናው ታይዩዋን ማምጠቂያ ተነሣች። ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ፣ ሥራዋ ምድርን ፎቶ ማንሣት ነበር፦ እርሻን፣ ደንን፣ ውኃን። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን 6 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ቻይና ናት።

ነጋዴ እዚህ ላይ ቆም ይላል። ከአራት እጅ ሦስቱን የከፈለ ሸሪክ ብዙ ጊዜ የሱቁን ቁልፍም ይይዛል። እኛን ያጽናናን ሁለት ነገር ነው፦ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በሥራው ላይ ሠልጥነዋል፤ ሳተላይቷን የሚያዝዘውና መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያም እንጦጦ ላይ ተተክሏል። ዕቃ ያረጃል፣ ሙያ ግን ይቀራል። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 2020፣ ከ10 ኪሎ የማትሞላ ሁለተኛ ሳተላይት ከዚያው ከቻይና ተከተለች። በ2022 ደግሞ ኢንስቲትዩቱ ከጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ያለው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ። የህዋው ሰውና የካርታው ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ ማለት ነው።

ኡጋንዳ ያው መንገድ ላይ ናት። ሦስት ወጣት መሐንዲሶቿ ጃፓን፣ ኪዩሹ የቴክኖሎጂ ተቋም ተምረው ፐርል አፍሪካሳት 1ን ሠሩ። ጎኗ 10 ሴንቲሜትር የሆነች ትንሽ ሣጥን ናት። በኅዳር 2022 ከአሜሪካ ተነሥታ በታኅሣሥ መጀመሪያ ከዓለም አቀፉ የህዋ ጣቢያ ተለቀቀች።

ሻጭ

አራተኛው ስም ገና ነው፤ እኛን የሚያመን እዚህ ነው። ህዋ ከንግዳችን ሩቅ አይደለም። ከሞምባሳ በትራንዚት በሚመጣው ኮንቴይነር ላይ የሚታሰረው የኤሌክትሮኒክ ማኅተም የት እንዳለ የሚነገረው በሳተላይት ነው፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ከ2017 ጀምሮ በጋራ ይጠቀሙበታል።

በ2020 መኸር ሊሰበሰብ ሲል ከወሎ ለሚመጣ የሽሮ እህል ከዕቁባችን አውጥተን ቀብድ ከፈልን። አቅራቢያችን ደወለ። «አንበጣው ወረደ» አለን። ከቀብዱ የተመለሰልን ግማሹ ነው። ከመካከላችን አንዷ የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ በዚያ ላይ ቆጥራ ስለነበር እስከ ጥር ድረስ ተበደረች። የራሳችን ሳተላይት በዚያን ጊዜ ከላያችን ታልፍ ነበር። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትም አንበጣው የት እንዳለና ወዴት እንደሚያመራ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ከሳተላይት በሚታየው ልምላሜና ዝናብ ታግዞ፣ በነፃ ያወጣ ነበር። ጥፋቱን በማንም ላይ አንጥልም፤ እኛም አልጠየቅንም። ሳተላይት የፎቶ ጉዳይ እንጂ የቀብድ ጉዳይ አልመሰለንም ነበር።

በንግድ ትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ነገር አለ፦ ገበያ ያልደረሰ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ያለ ወጪ ነው። የሳተላይት ፎቶም እንደዚያው ነው። እንጦጦ የሚወርደው መረጃ የኮምቦልቻ ገበሬና የካምፓላ ነጋዴ በሚረዱት ቋንቋ፣ በስልክ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ሲደርስ ያን ቀን አገራችን ሻጭ ሆነች እንላለን። ይህን የሚሠሩ የግል ድርጅቶች ከበዙ ሌላ ሳተላይት ለመግዛት የሚበቃው ገንዘብም ከራሱ ከሥራው ይወጣል።

እስከዚያው እኛ አንድ ልማድ ጀምረናል። ቀብድ ከመክፈላችን በፊት ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል፣ አይሲፓክ፣ የሚያወጣውን የወቅቱን የዝናብ ትንበያ እናያለን። ኢትዮጵያንም ኡጋንዳንም ይሸፍናል፤ ክፍያ የለውም። እናንተም ለቀጣዩ መኸር ቀብድ ስትቆርጡ አስቀድማችሁ እዩት።