የአሮጌ ፒክአፕ ፍሬንና የፊት እግር ፍተሻ

ይህ ፍተሻ በዕድሜ የገፋ ፒክአፕ ሲቆም፣ ሲታጠፍና ጉድጓድ ሲያልፍ ከሚያሳየው ምልክት ተነስቶ የተበላሸውን ክፍል የመለየት ሥራ ነው። ፍሬንና የፊት እግር ተነጣጥለው አይመረመሩም፤ የአንዱ ሕመም በሌላው ላይ ይታያልና። በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከሁሉ በላይ ቶዮታ ሃይሉክስን ይመለከታል። በአዲስ አበባ ልደታ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል መኪናውን የሚያሳድር ሰው ጋራዥ ከመሄዱ በፊት አብዛኛውን ፍተሻ በክሪክና በአንድ ረዳት ግቢው ውስጥ መጨረስ ይችላል።

መነሻው ፔዳሉ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ አራት አምስት ጊዜ ይረገጣል፤ እንደተረገጠ ሞተሩ ሲነሳ ትንሽ መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ የእግርን ግፊት የሚያግዘው ሰርቮ፣ ቱቦው ወይም በናፍጣ ሃይሉክስ ከዲናሞው ጀርባ የሚገኘው የቫኩም ፓምፕ ይጠረጠራል። ሰርቮ ጉልበቱን የሚያገኘው ከአየር ግፊት ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ የሰርቮ ድካም እዚህ ቶሎ ይሰማል።

የሚለሰልስ ፔዳል አየር መግባቱን ያሳያል። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ግን ወይ ዘይት ይፈሳል፣ ወይ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ አርጅቷል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወረድ ጠፍቶ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ፍሬን ብዙዎችን ያታልላል። ምክንያቱ የፈላ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። አዲስ ዶት 3 ዘይት እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የመፍያው ነጥብ እስከ 140 ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ምልክት «አለፈ» ብሎ መተው በሰው ሕይወት መወራረድ ነው።

ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ከጉዞ በኋላ መዳፍን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠግቶ ሙቀታቸውን ማነጻጸር ይረዳል። አንዱ ለብቻው ከጋለ ፒስተኑ ተጣብቋል፣ ወይም የጎማ ቱቦው ውስጡ አብጦ ዘይቱን መመለስ ከልክሎታል።

ጎማው በክሪክ ከተነሳና ሻንሲው በጠንካራ ድጋፍ ከተያዘ በኋላ፣ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ረዳቱ ፍሬን ሲረግጥ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ የቦል ጆይንቱ። ግራና ቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ቢላወስ የመሪ ቴስቲና ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ከተሠሩት ሃይሉክሶች መካከል ፊታቸው በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ወጥ አክስል ያላቸው ባለ አራት ጎማ ነጂዎች ግን ቦል ጆይንት የላቸውም፤ በእነሱ የሚፈተሸው የመሪ አንጓው ኩሽኔታ ነው።

ዋናው ነገር የሚሳተው ከኋላ ነው። በብዙ ሃይሉክሶች ሻንሲ ላይ ያለ ቫልቭ፣ ከኋላ አክስል ጋር በሚያገናኘው ዘንግ የጭነቱን ክብደት ይለካል። ጭነት ሲበዛና ሻንሲው ሲወርድ ለኋላ ፍሬን የሚደርሰውን ግፊት ይጨምራል። ባለቤቱ ብዙ ለመጫን ባሌስትራ ሲያስጨምር ግን ኋላው ከፍ ይላል፤ ቫልቩም መኪናው ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። ማቆሙ ፊት ላይ ይወድቃል፤ የፊት ሸራ ቶሎ ያልቃል፣ ዲስኩ ይጎዳል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ከልደታ ብዙ በማይርቀው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ አዲስ ሸራ ገዝቶ መግጠም ይህን አይፈታም። የቫልቩ ዘንግ ከአዲሱ ቁመት ጋር መስተካከል፣ የኋላ ታምቡሮችም ተከፍተው መታየት አለባቸው፤ ሳይሠሩ በመክረማቸው ውስጣቸው ዝጎ ሊገኝ ይችላል።